በአዳምስ ሞርጋንና በዩ ስትሪት ፔንትሃውስ ለሚገዙ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኛ ሰው ታክሲ ሲነዳ አምሽቶ እንጀራ ፍለጋ ይሄድባቸው የነበሩት ሁለት የዋሽንግተን ዲሲ ሰፈሮች ዛሬ በከተማው ካሉት ውድ መኖሪያዎች ተርታ ገብተዋል። ቤት ገዢዎችን ሳማክር በስልኬ ከሚላኩልኝ ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ «የቅንጦት ፔንትሃውስ» (በሕንፃ አናት ላይ ያለ ቤት) የሚሉ ናቸው፤ አብሮም «ይሄ ነገር ያዋጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሴን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ እይታው ራሱን ይሸጣል፣ አስታዋሽ አያስፈልገውም፤ ገዢ መመርመር ያለበት ጣሪያውንና ወረቀቱን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ሰፈሮች ታሪካዊ የሚባሉት ለምንድን ነው?

የአዳምስ ሞርጋን ስም የመጣው ከሁለት ትምህርት ቤቶች ነው። ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የነጮች ልጆች፣ ቶማስ ፒ. ሞርጋን ደግሞ የጥቁሮች ልጆች ይማሩባቸው ነበር። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሲ ትምህርት ቤቶች ዘርን መለያየት ሲያግድ የሁለቱም ወገን ነዋሪዎች ሰፈራቸውን አብረው ለማልማት ተነሡ፤ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ስምም ተጣምሮ የሰፈሩ ስም ሆነ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ሠዓሊው፣ ሙዚቀኛው፣ የመብት ታጋዩና ከላቲን አሜሪካ የመጣው ስደተኛ እዚህ ከተመ። ኪራዩ ርካሽ ነበር፤ ማንም ማንንም «ከየት መጣህ?» አይልም።

የኛ ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በ1980ዎቹ በ18ኛው ስትሪት ላይ ምግብ ቤት ከፈቱ። መስከረም እና ሬድ ሲ የሚባሉትን የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ብዙ አሜሪካዊም እንጀራን ለመጀመሪያ ጊዜ የቆረሰው በነዚህ ቤቶች ነው።

ዩ ስትሪት ደግሞ «ብላክ ብሮድዌይ»፣ የጥቁሮች የቲያትርና የሙዚቃ መንገድ፣ ይባል ነበር። በ1899 የተወለደው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው። ሃዋርድ ቲያትር በ1910፣ ሊንከን ቲያትር በ1922፣ ቤንስ ቺሊ ቦውል የተባለው ምግብ ቤት በ1958 ተከፈቱ። በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ሁከቱ የተነሣው ከ14ኛውና ከዩ ስትሪት መገናኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለብዙ ዓመታት ተጎድቶ ቆየ። የሜትሮ ጣቢያው በ1991 ሲከፈት ነፍስ መዝራት ጀመረ። በአዳምስ ሞርጋን ኪራይ የከበደባቸው ብዙዎቹ የኛ ነጋዴዎችም ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው ስትሪት ወረዱ። በ2005 አካባቢ መንገዱን «ሊትል ኢትዮጵያ» ለማሰኘት የተደረገው ጥረት አልተሳካም። የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ እንዳይሸፈን የሰጉ ነዋሪዎች ተቃውመው ነበር፤ ስጋታቸው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ዘመን ከኛ ነጋዴዎች አብዛኛው ተከራይ ነበር። ሰፈሩን ያሞቀው እሱ፣ ዋጋው ሲጨምር የተጠቀመው የሕንፃው ባለቤት። ዛሬ «እዚያ ሰፈር ልግዛ» የሚል ሰው ሲመጣ ልቤ የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በዲሲ ፔንትሃውስ ለምን እንደ ኒውዮርክ ሰማይ ጠቀስ አይሆንም?

በ1894 በኪው ስትሪት ላይ ካይሮ የሚባል 164 ጫማ ከፍታ ያለው አፓርትመንት ተሠራ። ጎረቤቶቹ ደነገጡ፤ በጊዜው የእሳት አደጋ መሰላል እዚያ ድረስ አይደርስም ነበር። ከተማው ወዲያው የከፍታ ገደብ አወጣ፣ ኮንግረስም በ1910 ዛሬም የሚሠራውን ሕግ አጸደቀ። በሕጉ መሠረት የሕንፃ ቁመት ከፊቱ ባለው መንገድ ስፋት ይወሰናል። በመኖሪያ መንገዶች ገደቡ 90 ጫማ፣ በንግድ መንገዶች ከጥቂት ልዩ ቦታ በስተቀር 130 ጫማ ነው።

ከጣሪያው በላይ ያለው ክፍል ደግሞ ለረጅም ጊዜ ለአሳንሰር ሞተርና ለማቀዝቀዣ መሣሪያ ብቻ የተተወ ነበር። ሰው እንዲኖርበት ኮንግረስ የፈቀደው በ2014 ነው፤ እሱም አንድ ፎቅ ብቻ፣ ከ20 ጫማ ሳይበልጥ። በነዚህ ሁለት ሰፈሮች ደግሞ ከዚህም ዝቅ የሚያደርጉ የዞን (የመሬት አጠቃቀም) ደንቦች አሉ። ለገዢ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ፊት ለፊትዎ ነገ አርባ ፎቅ በቅሎ ፀሐይ አይከለክልዎትም፤ ከአራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው የዋሽንግተን ሐውልትን ማየት የሚችሉትም በዚሁ ሕግ ነው። ግን ባዶ ቦታ ወይም ባለ አንድ ፎቅ ሱቅ ከፊትዎ ካለ ዞኑ ምን ያህል እንደሚፈቅድ ሳይጠይቁ ለእይታው ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ።

ማስታወቂያው «ፔንትሃውስ» ያለው ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥምዎ መቶ ዓመት ያለፈው ተጣብቆ የተሠራ የጡብ ቤት፣ ማለትም ሮው ሃውስ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ የላይኛው ክፍል ነው። ሁለት ፎቅ ይይዛል፤ ከውስጥ ደረጃ ወጥተው ጣሪያ ላይ ሰገነት ያገኛሉ። ሊፍት የለውም። እናትዎ ከአገር ቤት መጥተው ስድስት ወር ሊቀመጡ ካሰቡ ደረጃውን አሁኑኑ ይቁጠሩ፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ሦስት ፎቅ ሲወጣ የኩሽናው እብነ በረድ ትዝ አይለውም።

ሁለተኛው ዓይነት በ14ኛው ስትሪትና በዩ ስትሪት ዙሪያ ባለፉት ሃያ ዓመታት የተሠራው ባለ ሊፍት ሕንፃ ነው። ምድር ቤቱ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ። ሦስተኛው ከኮነቲከት ጎዳና እስከ ኮሎምቢያ ሮድ ባለው በካሎራማ ትራያንግል በኩል የሚገኘው የጥንቱ ትልልቅ አፓርትመንት ነው። አይዘንሃወር ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት የኖሩበት ዋዮሚንግ የሚባለው ሕንፃ እዚያ ነው። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ግድግዳቸው ወፍራም ነው። በዚህ ዓይነት ሕንፃዎች ውስጥ ኮ-ኦፕ ሊያጋጥም ይችላል። ኮ-ኦፕ ሲገዙ ቤቱን ሳይሆን በሕንፃው ድርጅት ውስጥ አክሲዮን ነው የሚገዙት፤ ቦርዱም ገዢውን ሊመረምር ይችላል። የኮ-ኦፕ ብድር የሚሰጡ ባንኮች ጥቂት ስለሆኑ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጣሪያው የማን ነው?

ከሁሉ ጥያቄ በፊት ይሄ ይምጣ። በማስታወቂያው ላይ «የግል የጣሪያ ሰገነት» ይላል፤ በኮንዶው ሰነድ ላይ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊጻፉ ይችላሉ። አንደኛው ሰገነቱ የቤትዎ አካል ነው ይላል። ሁለተኛው የጋራ ንብረት ሆኖ ለእርስዎ ብቻ የተመደበ ነው ይላል፤ የተለመደው ይሄ ነው። ሦስተኛው ምንም አይልም። ምንም የማይል ከሆነ ቤቱን ከመውደድዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።

የተመደበልዎ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው። አንዳንዱ ደንብ የእንጨቱን ንጣፍ እርስዎ፣ ከሥሩ ያለውን ውኃ የሚከለክል ሽፋን የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር ይጠግናል ይላል። ሽፋኑ ሲቀደድ ታዲያ የእርስዎን ንጣፍ ማን ያነሣል፣ ማንስ ይመልሰዋል? ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ ጠቡ የእርስዎ ነው፤ ውኃውም መጀመሪያ የሚወርደው በእርስዎ መኝታ ቤት ላይ ነው።

አሁን ዓይንዎን ወደ ጣሪያው ያምጡ። የነዚህ ቤቶች ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ በጎማ ወይም በነጭ ፕላስቲክ ሽፋን ይሸፈናል። ከዝናብ በኋላ ሁለት ቀን አልፎም ውኃ ከቆመ ተዳፋቱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሽፋኑ እንደ ፊኛ ያበጠበት፣ ከጡብ አጥሩ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ የተላጠበት፣ የውኃ መውረጃው በቅጠል የታፈነበት ቦታ ካለ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ወደ ቤት ወርደው ሰማይ መስኮቱና ወደ ጣሪያ መውጫው በር ዙሪያ ያለውን ኮርኒስ ይመልከቱ። ቤቱ በሙሉ ከተቀባ ዓመት ሆኖት ያ አንድ ጥግ ብቻ ትኩስ ቀለም ካለው ለምን ብለው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ስለማያስበው። ሮው ሃውስ ሲከፋፈል የታችኛው ጎረቤት ማቀዝቀዣም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከላይ፣ በእርስዎ ጣሪያ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ሲበላሽ ጠጋኙ የሚያልፈው በእርስዎ ሳሎንና በእርስዎ ደረጃ ነው። ጣሪያው ላይ ስንት ማሽን እንዳለ፣ የማን እንደሆነና የመግቢያ መብቱ እንዴት እንደተጻፈ ይወቁ።

ሰገነቱ በፈቃድ መሠራቱን እንዴት አውቃለሁ?

የዲሲ የሕንፃዎች መሥሪያ ቤት (ከ2022 ጀምሮ ራሱን ችሎ የቆመ) የሰጣቸውን ፈቃዶች በአድራሻ መፈለግ ይቻላል። ሰገነቱ፣ የላይኛው ፎቅ ጭማሪና የኤሌክትሪክ ሥራው ፈቃድ አግኝተው በመጨረሻው ምርመራ ማለፋቸውን ይዩ። ፈቃድ ወጥቶለት ያልተዘጋ ሥራ ነገ የእርስዎ ዕዳ ነው።

ቤቱ በታሪካዊ ቀጠና ውስጥ ከሆነ ሌላ ዓይን አለ። የካሎራማ ትራያንግል፣ የዋሽንግተን ሃይትስና የታላቁ ዩ ስትሪት ታሪካዊ ቀጠናዎች ብዙውን የኛን ሰፈር ይሸፍናሉ። እዚያ ውጭውን የሚለውጥ ሥራ በ1978 የወጣውን የቅርስ ጥበቃ ሕግ የሚያስፈጽመው አካል ይመለከተዋል። ከመንገድ የሚታይ የጣሪያ ጭማሪና ሰገነት በአብዛኛው አይፈቀድም፤ የፊት መስኮትም እንደፈለጉ በፕላስቲክ አይቀየርም። ውስጡ ግን የእርስዎ ነው፤ ኩሽና ቢያፈርሱ የቅርስ ሰው አይመጣብዎትም። እኔ ይህን ደንብ እወደዋለሁ። የ18ኛውን ስትሪት የጡብ ፊቶች ያቆየልን እሱ ነው።

አጠቃላይ ወጪው ስንት ይደርሳል?

ለምሳሌ ያህል 1,500,000 ዶላር የሚሸጥ ፔንትሃውስ እንውሰድ። 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ 300,000 ዶላር ነው። የሚበደሩት 1,200,000 ዶላር ይሆናል፤ ይህ በ2025 ለዲሲ ተቀምጦ ከነበረው የመደበኛ ብድር ጣራ (1,209,750 ዶላር) በጥቂት ያንሳል። የዓመቱን ጣራ ካለፉ ጃምቦ ወደሚባለው ብድር ይገባሉ፤ ባንኩም መጠባበቂያ ገንዘብዎንና ገቢዎን ጠበቅ አድርጎ ይመረምራል።

ወለዱን በ6.5 በመቶ ብናሰላው ለ30 ዓመት ብድር ወርሃዊ ክፍያው ወደ 7,585 ዶላር ነው። የንብረት ግብር በተገመተው ዋጋ ላይ ከ100 ዶላር 85 ሳንቲም ስለሆነ ቤቱ በዚያው በ1.5 ሚሊዮን ቢገመት በዓመት 12,750፣ በወር 1,060 ዶላር ገደማ ይመጣል። ኮንዶ ፊውን (ለማኅበሩ የሚከፈለውን ወርሃዊ መዋጮ) 700 ብንለው ኢንሹራንስ ሳይጨመር በወር ወደ 9,350 ዶላር ደረሰ። ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ለተገመተ ቤት ደግሞ ከ2025 የግብር ዓመት ጀምሮ ከዚያ በላይ ባለው ዋጋ ላይ ግብሩ ከ100 ዶላር 1 ዶላር ሆኗል።

በመዝጊያው ቀን፣ ማለትም ግዢው በሚጠናቀቅበት ዕለት፣ ከ400,000 ዶላር ጀምሮ ለሚሸጥ ቤት ገዢው 1.45 በመቶ የምዝገባ ታክስ ይከፍላል፤ በምሳሌያችን 21,750 ዶላር መሆኑ ነው። ሻጩም በልማድ ያንኑ ያህል የዝውውር ታክስ ይከፍላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ የሚሰጠው ቅናሽ የዋጋ ጣራ ስላለው በዚህ ደረጃ ያለ ፔንትሃውስ አይደርስበትም። የሚኖሩበት ከሆነ ግን የሆምስቴድ ቅናሽ ማመልከቻ ማስገባትዎን አይርሱ። ግብሩ የሚሰላበትን ዋጋ ይቀንሳል፤ ግብር የሚጣልበት ግምትም በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያሻቅብ ይከላከላል። ሌላም ነገር፦ ለፌዴራል ታክስ ከገቢዎ ላይ የሚቀነሰው ወለድ እስከ 750,000 ዶላር ባለው ብድር ላይ ያለው ብቻ ነው። «ወለዱን ታክስ ላይ እመልሰዋለሁ» ብለው ካሰሉ ሂሳቡን እንደገና ይሥሩት።

ኮንዶ ፊው ትንሽ ከሆነ ጥሩ አይደለም?

ሁልጊዜ አይደለም። በሁለትና በሦስት ቤት ማኅበር ውስጥ መዋጮው 250 ዶላር ነው ሲባል ብዙ ጊዜ መጠባበቂያ ገንዘብ የለም ማለት ነው። ጣሪያው ሲያልቅ ሦስት ጎረቤት በአንድ ሌሊት ማዋጣት አለበት፤ አንዱ «የለኝም» ካለ ሥራው ይቆማል፣ የላይኛው ቤት ይፈስበታል። ሁለት ቤት ብቻ ሲሆን ደግሞ ድምፁ ብዙ ጊዜ እኩል ለእኩል ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ማን እንደሚወስን ደንቡ ላይ ይፈልጉ። የሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤ፣ የባንክ ሂሳቡን ሚዛንና የማስተር ኢንሹራንሱን (የሕንፃውን የጋራ ኢንሹራንስ) ወረቀት ይጠይቁ። «እኛ እኮ ጓደኛሞች ነን፣ ስብሰባ አናደርግም» ካሉ መልሱን አግኝተዋል።

በትልቁ ሕንፃ ደግሞ ባንኩም ማኅበሩን ይመረምራል። መዋጮ ያልከፈሉ ባለቤቶች ብዛት፣ ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ድርሻ፣ የንግድ ቦታው ስፋት፣ ሕንፃው በፍርድ ቤት ክርክር ላይ መሆን አለመሆኑ ሁሉ ብድርዎን ሊያስቀር ይችላል።

ቅድሚያ ክፍያዬ ከዕቁብ የወጣ ነው፤ ባንኩ ይቀበለዋል?

ገንዘቡ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ወረቀቱ ነው። አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ይጠይቃል፤ ከደመወዝዎ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ገንዘብ ሲገባ ምንጩን ያጣራል። 60,000 ዶላር ዕቁብ ወጥቶልዎት በጥሬ ገንዘብ ካስገቡ «ከየት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ «ዕቁብ ነው» ማለት ብቻውን አያልፍም። ስለዚህ ዕጣዎ ከደረሰ በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ይቀበሉ፣ በየሳምንቱ የጣሉትንም ከባንክ ሂሳብዎ እንዲታይ ያድርጉ፣ ከሰብሳቢው የአባላትና የክፍያ ዝርዝር ያስጽፉ። ከሁሉ የሚሻለው ግዢውን ከመጀመርዎ ብዙ ወራት ቀድሞ ገንዘቡ በሂሳብዎ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ዘመድ የሰጠዎት ከሆነ ሰጪው የማይመለስ ስጦታ መሆኑን በደብዳቤ ይፈርማል። ብድር ሆኖ ሳለ ስጦታ ነው ብሎ መፈረም ወንጀል ነው፤ ማንም ቢመክርዎ አያድርጉት።

ዜግነት የለኝም፤ ወይም የምኖረው ዱባይ ወይም አዲስ አበባ ነው። መግዛት እችላለሁ?

ይችላሉ። በአሜሪካ ቤት ለመግዛት ዜግነትም ግሪን ካርድም አይጠየቅም። ብድሩ ግን ይጠብባል፦ ውጭ የሚኖር ሰው ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል። ከኢትዮጵያ ገንዘብ ለማውጣት የብሔራዊ ባንክን ሕግና ፈቃድ ማለፍ ግድ ነው፤ በጎን ገበያ የተላከ ዶላር ደግሞ እዚህ ያለው ባንክ ምንጩን ሲጠይቅ ይያዛል። ሲሸጡም ይጠንቀቁ፦ ሻጩ ለታክስ የውጭ ሰው ተብሎ ከተቆጠረ ገዢው በአብዛኛው ከሽያጭ ዋጋው 15 በመቶ ይዞ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ያስተላልፋል። ተመላሽ ሊኖረው ይችላል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል።

ከወንድሜ ጋር ልግዛው?

ይቻላል፤ ግን ስማችሁ በሰነዱ ላይ እንዴት እንደሚሰፍር ቀድማችሁ ወስኑ። በአንደኛው መንገድ ከሁለታችሁ አንዱ ቢሞት ድርሻው በቀጥታ ለተራፊው ያልፋል፤ በሌላው ድርሻው ለሟች ወራሾች ይሄዳል። ባልና ሚስት ደግሞ ሌላ፣ ከአንዱ ዕዳ የሚጠብቅ የጋራ ባለቤትነት መንገድ አላቸው። ይህን ለታይትል ካምፓኒው (የባለቤትነት ሰነዱን ለሚያዘጋጀው ድርጅት) ጸሐፊ አይተዉ፤ ሁለታችሁም ልጆች ካላችሁማ ከጠበቃ ጋር ተቀመጡ።

ጫጫታው እንዴት ነው? መኪናስ የት አቆማለሁ?

በዲሲ መጠጥ ቤት በአዘቦት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ እስከ 9 ሰዓት ይሸጣል። በ18ኛው ስትሪት ላይ ያለ ፔንትሃውስ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁት በዓርብ ሌሊት ቆመው ሲያዳምጡ ብቻ ነው። ሁለት መንገድ ገባ ካሉ ጸጥታው ሌላ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሜሪዲያን ሂል ፓርክ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከበሮ ይመታል፤ ብዙዎቻችን ማልኮም ኤክስ ፓርክ የምንለው ነው። እኔ ለዚያ ድምፅ ስል እዚያ ዳር መኖር እመርጥ ነበር፤ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው ግን ሌላ ሊል ይችላል።

መኪና ማቆሚያ በሰነድ የተሰጠ ካልሆነ የለም ብለው ያስቡ። አንዳንድ አዲስ ሕንፃዎች ነዋሪያቸው የመንገድ ላይ የነዋሪ ፈቃድ እንዳያገኝ ተስማምተው ነው የተሠሩት፤ በአድራሻው ያረጋግጡ። በአዳምስ ሞርጋን ውስጥ የሜትሮ ጣቢያ የለም፤ በዱክ ኤሊንግተን ድልድይ ተሻግረው ወደ ውድሊ ፓርክ፣ ወይም ወደ ኮሎምቢያ ሃይትስ ይሄዳሉ።

በኤርቢኤንቢ አከራይቼ ሞርጌጁን ልክፈልበት?

በዚህ ሐሳብ አይግዙ። የዲሲ ሕግ የአጭር ጊዜ ኪራይ የሚፈቅደው በዋና መኖሪያዎ ብቻ ነው፣ ፈቃድም ይጠይቃል፤ እርስዎ ሳይኖሩ የሚያከራዩት በዓመት ከ90 ሌሊት አይበልጥም። ብዙ የኮንዶ ደንቦች ደግሞ ጭራሽ ይከለክሉታል። ለረጅም ጊዜ ማከራየትም የንግድ ፈቃድ ይፈልጋል።

ቡና ቆልቼ፣ ዕጣን አጭሼ መኖር እችላለሁ?

ቡናውን አዎ፣ ግን ኩሽናውን ሲያዩ ከምድጃው በላይ ያለውን ጭስ መሳቢያ ይክፈቱና ወዴት እንደሚወጣ ይጠይቁ። በውድ ፔንትሃውሶች ሳይቀር ብዙው አየሩን አጣርቶ ወደ ክፍሉ የሚመልስ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ የለውም። ለኛ አበሳሰል፣ ለቁሌቱም ለቡናውም፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ይሻላል፤ በኋላ ቱቦ ላስገባ ቢሉ የማኅበሩንና ምናልባትም የቅርስ ጥበቃውን ፈቃድ ይፈልጋል። በጣሪያው ሰገነት ላይ ከሰል ማያያዝ ግን በአብዛኞቹ ሕንፃዎች ደንብ የተከለከለ ነው፤ የእንጨት ንጣፍ ላይ እሳት ቀልድ አይደለም።

አሮጌ ቤት ስለሆነ ሌላ የምፈራው ነገር አለ?

እርሳስ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ ስለ እርሳስ ቀለም ሻጩ የሚያውቀውን የማሳወቅ የፌዴራል ግዴታ አለበት። የውኃ መስመሩ እርሳስ መሆን አለመሆኑን ደግሞ የከተማው ውኃ ድርጅት፣ ዲሲ ዋተር፣ በአድራሻ የሚታይ ካርታ አውጥቷል። በ2001 እና በ2004 መካከል በዲሲ ውኃ ውስጥ የታየው እርሳስ ብዙ ቤተሰብ አስደንግጦ ነበር፤ ልጅ ያለው ሰው ይህን አይዝለል።

ቀብድ ከከፈልኩ በኋላ ሐሳቤን ብለውጥስ?

ያገለገለ ኮንዶ ከሆነ የማኅበሩ ሰነዶች ከደረሱዎት በኋላ ለመሰረዝ ሦስት የሥራ ቀን በሕግ አለዎት። ከአልሚው በቀጥታ የሚገዙት አዲስ ከሆነ ደግሞ የሽያጭ መግለጫው ከደረሰዎት ጀምሮ 15 ቀን ነው፤ ለመዋቅር ጉድለትም የሁለት ዓመት ዋስትና ይሰጥዎታል። ሰነዶቹ ሦስት መቶ ገጽ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስቱ ቀናት ዓርብ ማታ ተልኮልዎት እንዳይባክኑ ጠበቃዎን አስቀድመው ያዘጋጁ። ኢንስፔክሽኑን (የቤቱን ምርመራ) ትቼ ልወዳደር የሚል ገዢ ሲመጣ የምመክረው ቢያንስ ዋጋ ከማቅረቡ በፊት የጣሪያ ባለሙያ ይዞ እንዲገባ ነው።

የገዢ ወኪል መቅጠር አለብኝ?

ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ወኪል ቤት ከማሳየቱ በፊት በአብዛኛው የጽሑፍ ውል ትፈራረማላችሁ፤ ክፍያውም ቁርጥ ብሎ ይጻፋል። ውሉን ያንብቡ፣ ይደራደሩ። አማርኛ መናገሩ ጥሩ ነው፤ የበለጠ ጥሩው ግን የኮንዶ ሰነድ ማንበብ መቻሉ ነው። ሁለቱን ጎን ልወክል ካለዎት እምቢ ይበሉ።

ገንዘቡን የምልክበት መመሪያ በኢሜይል ደረሰኝ፤ ልላከው?

ቆይ! ሌቦች የወኪሉን ወይም የታይትል ካምፓኒውን ኢሜይል ሰብረው ገብተው በመዝጊያው ዋዜማ «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» ብለው ይጽፋሉ። ደብዳቤው ስምዎን፣ አድራሻውንና ትክክለኛውን ዋጋ ይዞ ስለሚመጣ እውነት ይመስላል። በኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ አይደውሉ። ውሉን ሲፈርሙ በተቀበሉት ወይም ራስዎ በፈለጉት ቁጥር ደውለው የባንክ ቁጥሩን በቃል ያረጋግጡ፣ ከላኩ በኋላም መድረሱን በዚያው ቀን ይጠይቁ። ተሳስቶ ከሄደ በሰዓታት ውስጥ ለባንክዎና ለኤፍቢአይ ያሳውቁ፤ ከቆየ ግን የሚመለስበት ዕድል በጣም ጠባብ ነው።